በሰርቬይ ገንዘብ መሥራት፦ መጀመሪያ ሰዓታችሁን ያዙ

ባለፈው ሳምንት ሰርቬይ፣ ማለትም ሲሞሉት ገንዘብ የሚያስገኝ የኢንተርኔት መጠይቅ፣ ስሞላ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይሄ ነው፦ 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ 7 ዶላር ከ35 ሳንቲም። ሲካፈል በሰዓት 1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። ያሳየሁት ጓደኛዬ ሳቀብኝ። ሳቁ ይገባኛል። ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በሰዓት ወደ 4 ዶላር ወጥቶልኝ ነበር። ሰውዬው ያው እኔ ነኝ፣ ስልኩም ያው ስልክ ነው። የተለያየው የትኛውን ሰርቬይ ጀምሬ የትኛውን ገና ከጅምሩ እንደዘጋሁት ነው።

‹ቤትዎ ቁጭ ብለው በቀን 200 ዶላር› የሚለውን ማስታወቂያ አምናችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ሐቁን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ሰርቬይ የኪስ ገንዘብ ነው። ለኢንተርኔት መክፈያ፣ ለአንድ ጊፍት ካርድ፣ ለወር መጨረሻ መደጎሚያ ይሆናል። ደመወዝ አይተካም፣ የቤት ኪራይም አይሸፍንም። ይሸፍናል እያለ የሚምልላችሁ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ የሚያገኘው ሰርቬይ ሞልቶ ሳይሆን እናንተን በሪፈራል ሊንኩ አስመዝግቦ ነው። ይህን ካወቃችሁና አሁንም ደስ ካላችሁ እንቀጥል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት አዲስ ሳሙና ሊያወጣ አስቧል እንበል። ሽታውን ሰው ይወደው እንደሆነ ማወቅ ስለሚፈልግ ለጥናት ድርጅት ይከፍላል። የጥናት ድርጅቱ 500 መልስ ያስፈልገዋል። ያውም ዝም ብሎ 500 ሰው አይደለም፤ ይህን ያህሉ ሴት፣ ይህን ያህሉ ከ25 እስከ 34 ዓመት፣ ይህን ያህሉ ልብስ በእጁ የሚያጥብ እያለ ይከፋፍለዋል። ኮታ የሚሉት ይህን ነው። ሰዎቹን የሚያቀርቡለት ደግሞ እኛ የምንመዘገብባቸው ሳይቶች ናቸው፣ በሙያው ቋንቋ ፓኔል ይባላሉ።

በመሃል ደላላ አለ። ሰርቬይ ያለውን ድርጅትና ሰው ያለውን ሳይት የሚያገናኙ ትልልቅ ገበያዎች አሉ። ሲንት የሚባለው አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ሉሲድ የተባለ ተፎካካሪውን ገዝቶ የበለጠ ገዝፏል። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ሳይት ላይ የሞላችሁት ሰርቬይ ሌላው ሳይት ላይ ሌላ ስምና ሌላ ዋጋ ይዞ ቁጭ ብሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከአንድ ጉድጓድ የተቀዳ ውኃ ነው። ሁለት ጊዜ ልሙላው ብትሉ ሲስተሙ ያውቃችኋል፣ በሩን ይዘጋባችኋል፣ ከባሰም አካውንታችሁ ላይ ምልክት ይደረጋል።

ከከፋዩ ተነስቶ እናንተ ጋ እስኪደርስ ሁሉም እየቆረሰ ስለሚያሳልፈው ለእናንተ የሚተርፈው ሳንቲም ነው። ስስታም ስለሆኑ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው። (እሺ፣ ስስታምም አሉበት።)

ከመመዝገባችሁ በፊት መጨረሻውን እዩ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ይመዘገባል፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ይሞላል፣ ከዚያ ገንዘቡን ላውጣ ሲል እሱ ያለበት አገር ላይ የማውጫ መንገድ እንደሌለ ይረዳል። ከኋላ ጀምሩ። ሳይቱን ስትከፍቱ ወደ መመዝገቢያው አትሂዱ፤ መጀመሪያ ስለ ክፍያ የተጻፈውን ገጽ ፈልጉ። ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ አገራችሁን ይቀበላሉ ወይ፣ በምን ይከፍላሉ፣ ትንሹ የሚወጣው መጠን ስንት ነው።

በፔይፓል (በኢንተርኔት ገንዘብ መላኪያና መቀበያው) እንከፍላለን የሚለው ብቻውን አይበቃም። ፔይፓል ራሱ በሁሉም አገር እኩል አይሠራም። ገንዘብ መላክ እንጂ መቀበል የማይቻልባቸው አገሮች አሉ። ስለዚህ የራሳችሁ አካውንት መቀበል መቻሉን አረጋግጡ። ጊፍት ካርድ ከሆነም ካርዱ እናንተ በምትኖሩበት አገር የሚሠራ መሆኑን እዩ፤ የአንዱ አገር ካርድ ለሌላው ብዙ ጊዜ አያገለግልም። አገራችን አልተካተተም ብላችሁ ያላችሁበትን አገር በሚደብቅ ቪፒኤን ለመግባት ካሰባችሁ ተዉት። ለመሙላት ያስገቧችሁ ይሆናል፣ ለመክፈል ግን መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ ያን ጊዜ ልፋታችሁ ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

የትኞቹ ጥሩ ናቸው ለሚለው የራሴን ልንገራችሁ። የምትኖሩበት አገር ከፈቀደላችሁ ፕሮሊፊክን አስቀድሙ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦክስፎርድ ላይ የተጀመረ ነው፣ ብዙ ሥራዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚመጡ ናቸው። ሁለት ነገሩ ይለየዋል። አንደኛ፣ ተመራማሪው በሰዓት ቢያንስ 8 ዶላር ወይም 6 ፓውንድ በሚሆን ስሌት እንዲከፍል ያስገድዳል። ሁለተኛ፣ ፕሮፋይላችሁን አስቀድሞ ስለሚያጣራ ከሞላ ጎደል የሚመጣላችሁ ለእናንተ የሚሆነው ብቻ ነው። ችግሩ የሚቀበላቸው አገሮች ውስን መሆናቸው ነው፤ ከተቀበለም ተራ ጠብቁ ሊላችሁ ይችላል። ጠብቁ።

ስዋግባክስ፣ ቶሉና፣ ላይፍፖይንትስ የሚባሉት የተለመዱት ናቸው። እነዚህ በነጥብ ነው የሚሠሩት፣ ነጥብ ደግሞ ዓይን ያታልላል። ‹450 ነጥብ!› ሲባል ብዙ ይመስላል። ስዋግባክስ ላይ 100 ነጥብ 1 ዶላር ነው፤ ሌላው ጋ ግን 1 ዶላር ለመሙላት በሺህ የሚቆጠር ነጥብ ሊፈልግ ይችላል። መጀመሪያ ወደ ሳንቲም ቀይሩት፣ ከዚያ አስቡ። ዩጎቭ ቀስ ያለ ነው፣ ነጥቡ ቶሎ አይሞላም፣ ግን ስለ ፖለቲካና ስለ ዕለት ወሬ ስለሚጠይቅ አይሰለችም። ጉግል ኦፒኒየን ሪዋርድስ ደግሞ ባለበት አገር በጣም ቀላሉ ነው። ሁለት ሦስት ጥያቄ ነው፣ ለአንዱ እስከ 1 ዶላር ይሰጣል፣ አንድሮይድ ላይ ግን ጉግል ፕሌይ ላይ የሚጠቀሙበት ክሬዲት እንጂ ጥሬ ገንዘብ አይደለም።

ሁለት ወይም ሦስት ሳይት ይበቃል። አሥር ላይ ተመዝግቦ አንዱም ላይ መውጫው መጠን ሳይደርስ የቀረ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ስትመዘገቡ ለዚህ ብቻ የሚሆን ሌላ ኢሜይል ክፈቱ፣ አለዚያ የዘወትር ኢሜይላችሁ በማስታወቂያ ይጥለቀለቃል። ስማችሁ ግን ከመታወቂያችሁና ከፔይፓል አካውንታችሁ ጋር አንድ ይሁን፤ አንድ ፊደል ሲለያይ ክፍያ ይያዛል። ብዙ ሳይቶች ደግሞ ከአንድ ቤት አንድ አካውንት ብቻ ነው የሚፈቅዱት። እህታችሁም በዚያው ዋይፋይ መጀመር ከፈለገች መጀመሪያ ደንቡን አንብቡ፣ አለዚያ ሁለታችሁም ትታገዳላችሁ።

ስትሞሉ

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ገንዘብ የሚበላው ሰርቬዩ ራሱ አይደለም፣ ማጣሪያው ነው።

እንዴት እንደሚሆን ላሳያችሁ። ‹18 ደቂቃ፣ 90 ሳንቲም› የሚል ታያላችሁ። ትከፍታላችሁ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የትምህርት ደረጃ ትሞላላችሁ። ቤት ውስጥ ዕቃ የሚገዛው ማነው? ትመልሳላችሁ። መኪና አለ? የለም። ከሚከተሉት ውስጥ በየትኛው ባንክ ተጠቅመዋል? ቤተሰብዎ ውስጥ በማስታወቂያ ወይም በገበያ ጥናት የሚሠራ አለ? ሰባተኛ ደቂቃ ላይ ደርሳችኋል፣ ሞቅ ብሏችኋል፣ ከዚያ ድንገት ‹እናዝናለን፣ ለዚህ ጥናት አልተመረጡም› ብሎ አፍንጫችሁን ላሱ ይላችኋል። ሰባት ደቂቃ፣ ዜሮ ሳንቲም። አንዳንዱ ሳይት ለማጽናኛ አንድ ሁለት ሳንቲም ይወረውራል።

ያ መጥፎ ሳምንቴ በዚህ ነው የሄደው። ስለዚህ አሁን የራሴ ሕግ አለኝ። ከመክፈቴ በፊት ክፍያውን ለደቂቃው አካፍላለሁ። ለደቂቃ ከ5 ሳንቲም በታች ከሆነ አልነካውም፤ 90 ሳንቲም ለ18 ደቂቃ ልክ ጠርዙ ላይ ነው። ማጣሪያው ከሦስት ደቂቃ ካለፈ ደግሞ እዘጋለሁ። እልህ አልጋባም። ‹ይሄን ያህል ከደከምኩ ልጨርሰው› የሚለው ሐሳብ ነው ጊዜ የሚበላው። አንዱን አባርሮ ወዲያው ወደ ሌላ ሰርቬይ የሚወስዳችሁ ሲስተምም አለ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እያንከራተተ ያንኑ ዕድሜና ጾታ አምስት ጊዜ ያስሞላችኋል። ሁለተኛው ላይ ውጡ።

ልብ በሉ፣ ማጣሪያው ላይ መዋሸት ያምራል። ‹መኪና አለኝ ብል ኖሮ ያልፍ ነበር› ያስብላል። አትሞክሩት። ፕሮፋይላችሁ ላይ የለኝም ብላችሁ እዚህ አለኝ ካላችሁ ይመዘገባል። ከዚህም የሚያስቀው፣ የብራንድ ዝርዝር አቅርበው ‹የትኞቹን ያውቃሉ?› ሲሉ መሃል ላይ ጭራሽ የሌለ ስም ፈጥረው ይጨምራሉ። ሁሉንም አውቃለሁ ብሎ የጠቀጠቀ ሰው እዚያ ላይ ይያዛል። ስለዚህ ፕሮፋይላችሁን አንዴ በእውነት ሙሉት። ልክ የማታስታውሱትን፣ ለምሳሌ የቤተሰብ ገቢን በየትኛው እርከን እንደመለሳችሁ፣ ደብተር ላይ ያዙት። ኑሮ ሲቀየር እሱንም ቀይሩ።

ሌላው ወጥመድ ሠንጠረዡ ነው። ሃያ ዐረፍተ ነገር ወደታች፣ ከ‹በጣም እስማማለሁ› እስከ ‹በጣም አልስማማም› ወደጎን። ዓይን ይደክማል፣ እጅ በራሱ አንዱን መስመር ይዞ ወደታች ይወርዳል። አሥራ አራተኛው ላይ ግን ‹እባክዎ እዚህ ላይ በጣም አልስማማም የሚለውን ይምረጡ› ይላል። ይህን ሳያይ ያለፈ ሰው እያነበበ እንዳልሆነ ታወቀ፣ አለቀ። ከፍጥነትም ተጠንቀቁ። 15 ደቂቃ የሚፈጀውን በ4 ደቂቃ የጨረሰ መልሱ ይጣላል። ስልክ ላይ ሠንጠረዡ ከስክሪኑ ሲተርፍ ስልኩን አጋድሙት፣ ወይ ኮምፒውተር ላይ ሥሩት።

ጻፉ የሚሉ ጥያቄዎች ላይ ሰው ይሰንፋል። ‹ለምን ወደዱት?› ሲባል ‹ጥሩ ነው› ብሎ ያልፋል። ‹ክዳኑ ሲከፈት አይፈስም፣ ሽታው ግን ይከብዳል› ብትሉ አሥራ አምስት ሰከንድ ነው የሚፈጅባችሁ፣ መልሳችሁም አይጣልም። ቻትጂፒቲን አስጽፎ መለጠፍስ? ያውቁታል። ኮፒ አድርጎ መለጠፍን የሚከለክሉም የሚመዘግቡም አሉ፤ ፕሮሊፊክ ላይ ካልተፈቀደ በስተቀር ክልክል ነው። የሚገዙት የሰው ሐሳብ ስለሆነ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም።

ሌላ ደግሞ፣ የሞላችሁት ሁሉ ወዲያው የእናንተ አይሆንም። ደንበኛው መረጃውን ከሳምንታት በኋላ ሲያጣራ መልሳችሁን ከጣለው አንዳንድ ሳይቶች የሰጡትን ነጥብ መልሰው ይወስዳሉ። ስለዚህ ከረዘም ያለ ሰርቬይ በኋላ የመጨረሻውን ገጽ ስክሪንሾት አንሱ። ክፍያ ሲቀር ለድጋፍ ሰጪዎቹ የሰርቬዩን ቁጥር፣ ቀኑንና ስክሪንሾቱን ልካችሁ በአጭሩ ጠይቁ። ሁሌ ባይሆንም ይመልሳሉ።

አሁን የእኔን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ሳይት ላይ 23 ዶላር ነበረኝ። ማውጫው ከ5 ዶላር ጀምሮ ነው። እኔ ግን ‹25 ልሙላና አንዴ ላውጣ› ብዬ ተቀመጥኩ። ለሌላ ጉዳይ የከፈትኩትን ቪፒኤን ሳላጠፋ ገባሁ። በማግስቱ አካውንቱ ተዘግቷል። ጻፍኩ፣ ለመንኩ፣ አንድ ዓይነት መልስ ሦስት ጊዜ ላኩልኝ፣ በቃ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ትንሹ መጠን በደረሰ ቀን አወጣለሁ። አምስት ከሆነ አምስት። በተለይ የመጀመሪያውን ክፍያ በተቻለ ፍጥነት አውጡ፣ ሳይቱ እውነት መክፈሉን የምታውቁት በዚያ ብቻ ነው።

ስካሙን ከሰርቬዩ መለየት

አንድ ነገር በጭፍን ያዙ፦ ለመሥራት ገንዘብ አይከፈልም። ‹የመመዝገቢያ›፣ ‹የሥልጠና›፣ ‹ከፍተኛ የሚከፍሉ ሰርቬዮች ዝርዝር› እያለ ማንም ቢጠይቃችሁ ውጡ። እውነተኛ ፓኔል እናንተን ይፈልጋችኋል፣ በነጻ ነው የሚያስገባችሁ።

አሁን አሁን የባሰው በቴሌግራምና በዋትሳፕ የሚመጣው ‹ታስክ› የሚባለው ነው። አካሄዱ ረቀቅ ያለ ነው። ሳታውቁት ሰው መልእክት ይልካል፣ ቀላል የቤት ሥራ አለ ይላል። ቪዲዮ ላይክ ማድረግ፣ ለሆቴል ኮከብ መስጠት፣ አጭር ሰርቬይ መሙላት። ትሠራላችሁ። እና ይከፍሏችኋል! አዎ፣ እውነተኛ ገንዘብ፣ ትንሽ። ልብ የሚያወላውለው እዚህ ላይ ነው። ግሩፕ ውስጥ ያስገቧችኋል፣ ‹ዛሬ ይህን ያህል አገኘሁ› የሚሉ ሰዎች ስክሪንሾት ይለጥፋሉ፣ ሁሉም የራሳቸው ሰዎች ናቸው። ሦስተኛ አራተኛ ቀን ላይ ‹ፕሪሚየም ታስክ› ለመክፈት ትንሽ አስገቡ ይባላል፣ ብዙውን ጊዜ በክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ባለ ዲጂታል ገንዘብ)። ታስገባላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሒሳባችሁ ያድጋል፣ ለማውጣት ስትሉ ግን ‹ታክስ›፣ ‹መክፈቻ›፣ ‹የስህተት ማስተካከያ› እየተባለ ሌላ ትጠየቃላችሁ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ስለዚህ ዓይነቱ ማጭበርበር አንድም አቤቱታ አልደረሰውም ነበር። በ2023 5,000 ያህል ደረሰው። በ2024 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ብቻ ወደ 20,000 አሻቀበ። ገንዘብ አስገቡ የሚል ቃል በተሰማበት ደቂቃ ጨዋታው አልቋል፣ የገባውን ለማስመለስ ብላችሁ ሌላ አትጨምሩ።

አካውንትህን አከራየኝ የሚሉም አሉ። በእናንተ አገር የተሻለ የሚከፈል ከሆነ በስማችሁ ሌላ ሰው ይሠራል፣ ትንሽ ይከፍላችኋል። ችግር ሲመጣ ግን የሚጠየቀው መታወቂያው የተሰጠበት ሰው ነው።

ስለ ግል መረጃም ጥቂት። የታወቀ ሳይት ማንነታችሁን ለማረጋገጥ መታወቂያ ሊጠይቅ ይችላል፣ ያ የተለመደ ነው፤ በራሱ ሳይት ውስጥ ይሁን እንጂ በቻት አትላኩ። የካርድ ቁጥር፣ የባንክ ይለፍ ቃል፣ በስልክ የሚመጣ ኮድ የሚጠይቅ እውነተኛ ሰርቬይ ግን የለም። ስለ ጤና፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ገቢ ሲጠይቁ ‹መመለስ አልፈልግም› የሚለው አማራጭ የተቀመጠው ለእናንተ ነው፣ ተጠቀሙበት። መጨረሻው ላይ ዕቃ ሊሸጥላችሁ የሚሞክር ‹ጥናት› ከመጣም ጥናት አይደለም። ኢሶማር የተባለው የገበያ ጥናት ማኅበር ከዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ጋር ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ጥናትን ሽፋን አድርጎ መሸጥን ይከለክላል።

ታክስን በሚመለከት፣ ትንሽም ብትሆን ገቢ ናት። የምትኖሩበት አገር ሕግ ምን እንደሚል እዩ፣ ደብተራችሁ እዚያም ይጠቅማችኋል።

ከወር በኋላ

ደብተሩ ውስጥ አራት ነገር ብቻ ያዙ፦ ሳይቱን፣ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት፣ ያገኛችሁትን፣ እጃችሁ የገባውን። የተባረራችሁበትን ደቂቃ አትዝለሉት፣ እሱም ሥራ ነው። ወር ሲሞላ አካፍሉት። ከሳይቶቹ አንዱ ሌላውን በእጥፍ እንደሚበልጥ ታያላችሁ፤ ደካማውን ያለ ርኅራኄ ጣሉት።

ሰዓት መምረጥም ለውጥ አለው። አዲስ ሰርቬይ ሲለቀቅ ኮታው ባዶ ነው፣ ቶሎ የደረሰ ያልፋል። ስለዚህ ማሳወቂያውን ክፈቱና ሲመጣ ግቡ እንጂ ሙሉ ቀን አፍጥጣችሁ አትቀመጡ። እኔ ወረፋ ስጠብቅ ወይም ቴሌቪዥን ፊት ሆኜ ነው የምሞላው፣ ለሱ ብዬ ከሌላ ሥራ አልነሳም።

ከለመዳችሁት በኋላ አንድ እርከን ከፍ ያለ ነገር አለ። ዩዘርቴስቲንግ የሚባለው ሳይት ላይ አንድን ድረ ገጽ እየተጠቀማችሁ የምታስቡትን ጮክ ብላችሁ ትናገራላችሁ፣ ለ20 ደቂቃ ገደማ ለሚፈጅ ሙከራ ለዓመታት 10 ዶላር ሲከፍል የኖረ ነው። ሪስፖንደንትና ዩዘር ኢንተርቪውስ የሚባሉት ደግሞ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ፣ ለአንዱ በአሥሮች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። እነዚህ በብዛት አይገኙም፣ ማመልከት ያስፈልጋል፣ ሙያችሁንም ይጠይቃሉ፤ ነርስ፣ አካውንታንት፣ ሱቅ ያለው ሰው ቶሎ ይጠራል። ማይክ ያለው ማዳመጫና ፀጥ ያለ ክፍል አዘጋጁ። እኔ እስካሁን ከደርዘን በላይ አመልክቼ ሁለት ጊዜ ነው የተጠራሁት። ሁለቱ ብቻ ግን ከሁለት ወር ሰርቬይ በለጡ።

የጣላችሁትን ሳይት ስትዘጉ ቀሪ ነጥባችሁን መጀመሪያ አውጡ፣ ከተዘጋ በኋላ አይመለስም። ከዚያ መረጃዬን ሰርዙልኝ ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይህን መብት ይሰጣል፣ ሌላ ቦታ ያላችሁም ብትጠይቁ ብዙዎቹ ይሰርዙላችኋል። የማረጋገጫው መልስ እስኪመጣ ኢሜይሉን አትዝጉት።